የድሮ ቤልጅግ በ100 ሜትር ሦስት ጥይት 2 ሴንቲ ውስጥ አሳረፈ፤ ዕድል ነው ወይስ ጠመንጃው?

የሱሉልታው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያልተጠበቀ ውጤት ስለመጣ የምታውቁ ሰዎች ሐሳብ እፈልጋለሁ።

ጠመንጃው ቤልጅግ ነው። የቤልጅግ ፋብሪካ ኤፍ ኤን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአዳኞች ይሠራው የነበረ፣ የሞዘር 98 አካል (በርሜሉ የሚታሰርበትና መዝጊያው የሚገባበት ብረት) ያለው፣ ባለ አምስት ጎራሽ፣ ጥይቱ .30-06፣ በርሜሉ 60 ሴንቲ፣ እንጨቱ ዋልነት። ፈቃዱ የታደሰ ነው፤ የተተኮሰውም በተፈቀደ ሜዳ ነው። ላዩ ላይ ባለ 4 እጥፍ አሮጌ የጀርመን ቴሌስኮፕ አለ። ብዙ ዓመት ሳይተኮስበት ተቀምጧል፤ ብረቱ ላይ ሽፍ ሽፍ ያለ ዝገት፣ ሰደፉ ላይ ጭረት አለ። በዚህ ሁኔታው ጥይቶቹን ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ውስጥ ቢሰበስብ ጥሩ ነው ብዬ ነበር የወጣሁት።

የመጣው ውጤት ይሄ ነው። የፋብሪካ የአደን ጥይት፣ እርሳሱ (ከበርሜል ወጥቶ የሚሄደው) 11.7 ግራም (180 ግሬን)፣ ርቀት 100 ሜትር፣ ድጋፍ የአሸዋ ከረጢት። የመጀመሪያው ሦስት 2.1 ሴንቲ፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች ተነካክተው ስምንት ቁጥር መስለዋል፣ ሦስተኛው አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ። ሁለተኛው ሦስት 2.6 ሴንቲ። ሁለቱንም የለካሁት ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል ነው። ተወልውሎና ዘይት ተቀብቶ አድሮ በማግሥቱ የተተኮሰው የመጀመሪያ ጥይት ግን ከቡድኑ 4 ሴንቲ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ጥያቄዎቼ፦ ይህ ውጤት ይታመናል? የመጀመሪያዋ ጥይት ለምን አፈነገጠች? ክረምቱ ሳይገባ እንጨቱን ኢፖክሲ ማስበላት (አካሉ የሚያርፍበትን በጠንካራ ሙጫ መሙላት) ይሻላል ወይስ መተው? ደግሞ ዜሮው (ጥይቱ ቴሌስኮፑ ያለመበት ላይ እንዲያርፍ ማስተካከሉ) የሚገባው እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ሆኖ አደኑ ግን 1,000 ሜትር አካባቢ ባለ ቆላ ከሆነ ስንት ሴንቲ ይለወጣል?

ሰንዳፋ መውጫ

እንኳን ደስ ያለህ፤ ግን በሦስት ጥይት ጠመንጃ አይመረቅም። አንድ ጠመንጃ በአምስት ጥይት በአማካይ 3 ሴንቲ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ያው ጠመንጃ በሦስት ጥይት በአማካይ 2.4፣ በአሥር ጥይት ደግሞ 3.7 ሴንቲ ያህል ያሳይሃል። የተለወጠ ነገር የለም፤ ጥይቱ በበዛ ቁጥር ዳር የሚወጣ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል እንጂ። የአንተ የሁለቱ አማካይ 2.35 ስለሆነ፣ በአምስት ጥይት ሲመነዘር 3 ሴንቲ ገደማ ማለት ነው። አንድ የማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ 60ኛ) በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ነው፤ ስለዚህ ጠመንጃህ አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው። ለአሮጌ የእንጨት ሰደፍ ጠመንጃ ይሄ በጣም ጥሩ ነው፤ መደሰትህ ትክክል ነው።

ግን ሁለት ስብስብ ትንሽ ማስረጃ ነው። ያው ጠመንጃ ያለ ምንም ጥፋት አንድ ቀን 1.5፣ ሌላ ቀን 3.5 በሦስት ጥይት ሊሰጥህ ይችላል። 3.5 የመጣ ዕለት "ተበላሸ" ብሎ ቴሌስኮፕ መንካት የሚጀምር ብዙ ሰው አለ፤ ጥይት የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

ልኬትህን ደግሞ አጣራ። መሐል ለመሐል በዓይን መገመት ያሳስታል። በካሊፐር ከዳር ቀዳዳ ውጭ እስከ ሌላኛው ዳር ውጭ ለካና የእርሳሱን ውፍረት 7.8 ሚሊ ሜትር ቀንስ። የምትለካው የወረቀቱን ቅዳጅ ሳይሆን በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ግራጫ ቀለበት ነው፤ እሱ እርሳሱ ወረቀቱን ሲያልፍ ያበሰው ምልክት ነው። ወረቀቱ ጀርባ ካርቶን ከተለጠፈ ቀዳዳው ንጹሕ ይወጣል።

የ.30-06 ጥይት እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ 20 ጥይት በአንድ ጠዋት ጨርስ አልልህም። ለአዳኝ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ሌላ ፈተና አለ። አንድ ወረቀት ያዝ፤ ሜዳ በወጣህ ቁጥር በቀዝቃዛ በርሜል አንድ ጥይት ብቻ በዚያ ወረቀት ላይ ተኩስ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ከቀዳዳው አጠገብ በእርሳስ ጻፍ፤ ወረቀቱን አጣጥፈህ አስቀምጥ። አሥር ጊዜ ከወጣህ በኋላ እዚያ ወረቀት ላይ ያለው የጠመንጃህ፣ የአንተና የአየሩ እውነት ነው። አውሬ ፊት የምትተኩሰው ያቺን የመጀመሪያዋን ስለሆነ፣ አንድ ቀን ተከታትለው ከተተኮሱ አሥር ጥይቶች ይልቅ እነዚህ አሥር ቀዳዳዎች ይበልጣሉ።

ስለ አተኳኮስ ጥቂት ነገር። የፊቱ ከረጢት ከካዝናው ሽፋን ፊት ለፊት ካለው እንጨት ሥር ይሁን፤ በርሜሉን በፍጹም አይንካ። የማንገቻው ቀለበት ከረጢቱን ከነካ በእርግጫው ጊዜ ይይዝና ጥይቱን ወደ ላይ ይወረውራል። በየጥይቱ መሐል አንድ ደቂቃ፣ በየስብስቡ መሐል አሥር ደቂቃ ስጠው፤ በርሜሉን በእጅህ ጨብጠህ አምስት ሰከንድ መቆየት ካቃተህ አቁም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 ይሁን። ከዚያ በኋላ የሱሉልታ ሜዳ ንፋስ ይነሣል፤ 4 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስ የጎን ንፋስ በ100 ሜትር ላይ ብቻ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ይገፋል። አንተ በ2 ሴንቲ ስብስብ ላይ እያወራህ ስለሆነ ይሄ ትልቅ ቁጥር ነው።

ባለ ወርክሾፕ

ጠመንጃው ለምን እንዲህ እንደተኮሰ ልንገርህ፤ ተአምር የለበትም። የሞዘር 98 አካል ከአንድ ወጥ ብረት ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። መዝጊያው ፊት ላይ ባሉ ሁለት ወፋፍራም ጆሮዎች ይቆለፋል፤ ኋላ ላይ ለደኅንነት ሦስተኛ አለው። ሁለቱ የፊት ጆሮዎች እኩል ከተቀመጡ ጥይቱ በእያንዳንዱ ተኩስ አንድ ዓይነት ድጋፍ ያገኛል። ከዚያ የሚቀረው በርሜልና አፈሙዝ ነው። የአዳኝ ጠመንጃ በዕድሜው ሙሉ የሚተኩሰው ጥቂት መቶ ጥይት ነው፤ ስለዚህ ውጪው ዝጎም ውስጡ እንደ አዲስ የሆነ ብዙ አለ። የውትድርና ምንሽር ተቃራኒው ነው፤ ላዩ ያምራል፣ አፈሙዙ ግን ከፊት በብረት ዘንግ ሲወለወል ኖሮ ተበልቷል።

ደካማ ጎኑም ይታወቅ። የ98 መምቻ ረጅም መንገድ ነው የሚሄደው፤ ቃታው ከተለቀቀ በኋላ እስኪመታ 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የዘመኑ ጠመንጃዎች ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ቃታ ከሳብክ በኋላ ጣትህን ቶሎ አትልቀቅ፤ ዓይንህም ዒላማው ላይ ይቆይ። 2.1ና 2.6 ካገኘህ ይሄን እያደረግክ ነው ማለት ነው።

ስለ መጀመሪያዋ ጥይት፦ ዘይት ነው። በርሜል ውስጥ የቀረ ዘይት ለእርሳሱ የሚገጥመውን ሰበቃ ይለውጣል፣ ግፊቱም ይለወጣል፣ የመጀመሪያዋ ለብቻዋ ትወጣለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመተኮስህ በፊት ደረቅ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፍ፣ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ። ጥይቱ የሚያርፍበትንም ክፍል አድርቅ፤ እዚያ ዘይት ካለ ቀለሁ ግድግዳውን መያዝ አቅቶት ሙሉ ጫናውን መዝጊያው ላይ ይጥላል። ለአደን ስትወጣ ደግሞ በርሜሉን አጽድተህ አትውጣ፤ ሁለት ሦስት ጥይት የተተኮሰበት በርሜል ይዘህ ውጣ። ደረቅ ጨርቅ አሳልፈህም የመጀመሪያዋ ማፈንገጧን ከቀጠለች ጉዳዩ እንጨቱ ጋ ነው።

አሁን ከስብስቡ በፊት መታየት ያለበት፣ ብዙ ዓመት ስለተቀመጠ፦

የተተኮሱትን ቀለሆች አምጣ። ከግርጌው 8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ካለ አትተኩስ። ቀጭን ሽቦ ጫፉን አሹለህ በ90 ዲግሪ እጠፈው፣ ወደ ቀለሁ ውስጥ አስገባና ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን እየነካህ ሳበው። እዚያ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ጥፍር ቆም ካለ ቀለሁ ከውስጥ እየሳሳ ነው፤ መዝጊያውና በርሜሉ መሐል ያለው ልክ ከመጠን በላይ ሆኗል ማለት ነው። ያ በመለኪያ መታየት አለበት፤ በግምት አይታለፍም።

የሁለቱን ጆሮዎች ጀርባ በማርከር ቀባ፤ ባዶውን አሥር ጊዜ ክፈትና ዝጋ። ቀለሙ ከሁለቱም እኩል ከተፋቀ ጥሩ። ከአንዱ ብቻ ከተፋቀ ጫናውን አንድ ጎን ብቻ ተሸክሟል።

አፈሙዙን በጥጥ ፈትሽ። ጥጥ በስንጥር ጠቅልለህ ከውስጥ ወደ ውጭ በጠርዙ ዙሪያ ጎትት፤ ክር የሚይዝበት ቦታ ካለ እዚያ ጉዳት አለ። ውስጡን ስትወለውል መዝጊያውን አውጥተህ ከኋላ ግባ። በግራ በኩል ያለውን መያዣ ወደ ውጭ ስትስበው መዝጊያው ይወጣል። ከአፈሙዝ በኩል የሚገባ ዘንግ ነው ጠርዝ የሚበላው።

አንድ ማሳሰቢያ። በአገራችን .30-06 የታወቀው ከአሜሪካ ኤም ዋን ጠመንጃ ጋር ነው፤ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በ1943 ዓ.ም. ሲዘምት የታጠቀው እሱን ነው። ከዚያ ዘመን የቀረ የወታደር ጥይት ቢሰጡህ በዚህ በርሜል አትተኩስ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራው አብዛኛው መለኮሻው ጨው ይተዋል፤ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፣ የአየሩን እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨውን አያሟሟውም። ተተኩሶ ከሆነ በዚያው ቀን የፈላ ውኃ ከኋላ በኩል ማፍሰስ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው። በክረምት አንድ ሌሊት ካደረ ውስጡ ቀይ ይሆናል። እርሳሱም ሙሉ የብረት ሽፋን ያለው ስለሆነ ለአደን አይሆንም።

ቡራዩ እንጨት ቤት

የኔ መልስ እንጨቱ ላይ ብቻ ነው።

እንጨት ውኃ ይጠጣል። ፋብሪካው ላዩን አሳምሮ ቀብቶታል፤ በርሜሉ የሚተኛበት ቦይ ውስጥና ከሰደፉ ጫፍ ጎማ ሥር ያለው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ግንቦት ላይ ዜሮ የገባ ጠመንጃ ነሐሴ ላይ 5 ሴንቲ ቢሄድ አትገረም፤ የፊተኛው እንጨት አብጦ በርሜሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ጎሕ ጽዮንን ተሻግሮ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ይደርቃል፣ ይመለሳል።

የ10 ብር ኖት ውሰድ፤ በርሜሉና እንጨቱ መሐል ከጫፍ አስገብተህ ወደ ኋላ ሳበው። እስከ አካሉ ድረስ ከሄደ በርሜሉ ነጻ ነው። መንገድ ላይ ከቆመ ይነካል። የሚነካበትን ቦታ በትክክል ማየት ከፈለግህ ሻማ ለኩሰህ የበርሜሉን ሆድ በጥላሸት አጥቁር፣ ግጠመው፣ ብሎኖቹን እሰር፣ ሰደፉን ሁለት ጊዜ በመዳፍህ መታ አድርግ፣ ፍታው። ጥላሸቱ የታተመበት ቦታ የሚነካበት ነው።

ኢፖክሲ ማስበላት ለሚፈልግ አሠራሩ ይሄ ነው። ከአካሉ ፊተኛ ክፍል በታች ያለው የእርግጫ ጆሮ (እርግጫውን ወደ እንጨቱ የሚያስተላልፈው ጉጥ) ከሚያርፍበት ከኋላው ግድግዳ 2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እንጨት ይወጣል። የጆሮው ፊት፣ ሁለቱ ጎኖችና ሥሩ ላይ ሁለት ድርብ የኤሌክትሪክ ቴፕ ይለጠፋል፤ የኋላው ፊት ብቻ ባዶ ይሆናል፤ ጫናውን የሚሸከመው እሱ ብቻ መሆን አለበት። ብረቱ ሁሉ፣ የብሎን ጥርስ ሳይቀር፣ ሁለት ዙር የጫማ ሰም ይቀባል፤ ያልተቀባ ቦታ ከቀረ ጠመንጃውና እንጨቱ ለዘላለም ተጋብተዋል። የብሎን ቀዳዳዎችና ክፍተቶች በሕፃናት ጭቃ ይደፈናሉ። የብረት ዱቄት ያለበት ኢፖክሲ ይጨመራል፣ አካሉ ይቀመጣል፣ ብሎኖቹ እስኪይዙ ብቻ ይዞራሉ፤ አጥብቀህ ካሰርክ እንጨቱ እንደታጠፈ ይደርቅና ስትፈታው ይመለሳል። ሱሉልታ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ በ24 ሰዓት አይጠነክርም፤ ሙቀት ባለው ክፍል 48 ሰዓት ተወው።

ውስጡን ከእርጥበት መከላከል ግን ሁሉም ማድረግ ያለበት ነው። የተልባ ዘይት መልኩን ያሳምራል፣ ውኃ ግን አያቆምም። ቦዩ ውስጥ፣ ከጎማው ሥርና የብሎን ቀዳዳ ግድግዳ ላይ በቀጭኑ ሦስት ዙር ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ምታበት፤ በየዙሩ መሐል አንድ ቀን።

ባለ ወርክሾፕ

ቡራዩ፣ አሠራርህ ላይ አንድም የምጨምረው የለም፤ ለዚህ ጠመንጃ ግን አልስማማም። 3 ሴንቲ የሚሰበስብ ጠመንጃ ላይ መሮ አይነሣም። በዚያ ዘመን ከተሠሩት የአደን ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የፊተኛው እንጨት ጫፍ ሆን ተብሎ በርሜሉን ወደ ላይ እንዲደግፍ ነው የተገጠሙት። ቀጭን በርሜል በዚያ ድጋፍ መርገብገቡ አንድ ዓይነት ይሆናል። ድጋፉን በብርጭቆ ወረቀት ጠርገህ ካወጣህ በኋላ ስብስቡ 6 ሴንቲ ቢሆን የምትመልሰው እንጨት የለህም።

መጀመሪያ በማይጎዳ መንገድ ይሞከር። ከአካሉ ሥር፣ ከፊተኛው ብሎን ዙሪያ፣ ከቢዝነስ ካርድ የተቆረጠ ቀዳዳ ያለው ቁራጭ፣ አንድ ወይም ሁለት ድርብ አስቀምጥና እሰረው። በርሜሉ ከእንጨቱ ይነሣል፤ የብሩ ኖት ያልፋል። አምስት ጥይት ተኩስ። ከተሻለ መንገዱ ታወቀ፤ ከባሰ ካርዱን አውጥቶ መጣል ነው።

ብሎን የማሰር ቅደም ተከተልም ጠብቅ። ስትገጥም ጠመንጃውን ቀጥ አድርገህ ሰደፉን መሬት አስይዘህ አካሉ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ የፊቱን ብሎን ቀድመህ አጥብቅ፣ የኋላውን ቀጥል። በቶርክ ቁልፍ ከ4 እስከ 5 ኒውተን ሜትር ለእንጨት ይበቃል። የቴሌስኮፑ ቀለበት ብሎኖች 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ። ካቻቢቴው የብሎኑን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን፤ ጠባብ ካቻቢቴ ነው የድሮ ብሎን ራስ የሚያበላሸው። ከመፍታትህ በፊት ደግሞ የብሎኑ ቀዳዳ ወደየት እንደሚያይ በስልክህ ፎቶ አንሣ፤ የፊተኛው በሩብ ዙር ቢለያይ እንኳ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ሊለወጥ ይችላል።

ቡራዩ እንጨት ቤት

የካርዱን ሙከራ እቀበላለሁ። እንጨት የምንነካው እሱ ተሞክሮ ከተሻለ ብቻ ይሁን። ቫርኒሹን ግን አትተው፤ ያ ምንም የሚቀንሰው ነገር የለም፤ ድጋፉ ያለበትን ጫፍ ብቻ በአንድ ቀጭን ዙር እለፈው፣ ውፍረት እንዳይጨምር።

ቆላ ወራጅ

የከፍታውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው በዚህ ላይ ያለ ልክ ይጨነቃል።

እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ እርሳሱ ፍጥነቱን ይይዛል። 1,000 ሜትር ላይ አየሩ ይወፍራል፣ ይዘገያል፣ ይወርዳል። ግን ስንት? በ11.7 ግራም እርሳስ፣ መነሻ ፍጥነቱ 820 ሜትር በሰከንድ ከሆነ፣ በ200 ሜትር ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ያነሰ ነው። በ300 ሜትር 2 ሴንቲ ገደማ። በሌላ በኩል ቆላው ሞቃት ነው፤ ባሩድ ሲሞቅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ግማሽ ሜትር በሰከንድ ያህል ፍጥነት ይጨምራል። ጠዋት 15 ዲግሪ ላይ ዜሮ አስገብተህ 40 ዲግሪ ላይ ብትተኩስ 12 ሜትር በሰከንድ ጨመረ፤ በ200 ሜትር ግማሽ ሴንቲ ወደ ላይ። አየሩ ያወረደውን ሙቀቱ ይመልሰዋል፤ እስከ 200 ሜትር ድረስ ከቁጥር አይገባም።

የሚገባው መንገዱ ነው። ጠመንጃው በመኪና ጀርባ አምስት ስድስት ሰዓት ሲንገጫገጭ የቴሌስኮፕ ቀለበት ይላላል፣ አሮጌ ቴሌስኮፕ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እዚያ ስትደርስ፣ በፈቃዱ ላይ በተወሰነው ቦታ፣ ሁለት ጥይት ማረጋገጫ ተኩስ። ጥይቱ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው አይዋል፤ እዚያ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ግፊቱም አብሮ ይወጣል።

ዜሮውን በ100 ሜትር ላይ ልክ አታድርገው፤ 4 ሴንቲ ከፍ አድርገው። ያኔ በ160 ሜትር አካባቢ ልክ ይገባል፤ በ200 ሜትር 6 ሴንቲ ያህል ዝቅ ይላል። የድኩላ ሳንባና ልብ ያለበት ክብ 15 ሴንቲ ያህል ስለሆነ እስከ 200 ሜትር መሐሉን አልመህ ትተኩሳለህ፤ ማሰብ የለም። ጥይት ለመቆጠብ በ25 ሜትር ጀምር፤ መዝጊያውን አውጥተህ በበርሜሉ ውስጥ ዒላማውን እያየህ ቴሌስኮፑን አምጣው፣ ከዚያ አንድ ጥይት። በ25 ሜትር ጥይቱ ካለምክበት ግማሽ ሴንቲ ዝቅ ብሎ ከመታ በ100 ሜትር 4 ሴንቲ ከፍ ወዳለው ቅርብ ነህ፤ የመጨረሻውን በ100 ሜትር አረጋግጥ። አሮጌ ቴሌስኮፕ ማስተካከያው ሲዞር ወዲያው አይታዘዝም፤ ካዞርክ በኋላ በካቻቢቴው እጀታ ቀስ ብለህ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርግበት፣ ከዚያ ተኩስ። አለዚያ ሁለተኛው ጥይት ላይ ይዘልብህና ጠመንጃውን ትጠረጥራለህ።

ደግሞ 2 ሴንቲ የሚሰበስብ ጠመንጃ 2 ሴንቲ የሚሰበስብ አዳኝ አያደርግም። ከከረጢት ተነሥተህ ተንበርክከህ በ100 ሜትር አምስት ጥይት ተኩስ፣ ከዚያ ዱላ ተደግፈህ ቆመህ አምስት። አምስቱም 15 ሴንቲ ክብ ውስጥ ያልገቡበት ርቀት ላይ አውሬ ላይ አትተኩስ። የቆሰለ ከርከሮ ወይም ድኩላ ጥሻ ገብቶ ሲሰቃይ ማደሩ ከባድ ነገር ነው፤ ፈቃድ ሰጪውም የቆሰለውን እንደ ተገደለ ነው የሚቆጥረው።

ሌላው የአካባቢው ጉዳይ። የ.30-06 እርሳስ ከፍ ተብሎ ቢተኮስ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሱሉልታና ሰንዳፋ ሜዳው ክፍት ይመስላል፤ ከጉብታው ኋላ ግን አሁን ኮንዶሚኒየም ነው፣ እረኛም አይጠፋም። ኋላው አፈር የሆነ የተፈቀደ ሜዳ ብቻ። የመሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን የሚመለከተውን በጥብቅ ስለደነገገ፣ ጠመንጃውን ስታጓጉዝ የፈቃዱን ዋናውን ወረቀት ያዝ፤ የአደን ፈቃዱ ደግሞ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የሚወጣ ሌላ ነው።

የሱሉልታው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ባለ ወርክሾፕ ጋሼ፣ የቀለሁን ነገር ዛሬውኑ አየሁት። ቀለሆቹ ሁሉ ላይ የሚያበራ ቀለበት የለም፤ ሽቦውም ሳይቆም አለፈ። ጆሮዎቹ ላይ ቀለሙ ከሁለቱም ተፍቋል፣ ከቀኙ ትንሽ በለጥ ብሎ። አፈሙዙ ጥጥ አልያዘም። ልኬቱ በካሊፐር 2.0ና 2.7 ሆነ።

የ10 ብር ኖቱ ከጫፉ 9 ሴንቲ ላይ ቆመ። ጥላሸቱ የታተመው በሁለት ቦታ ነው፤ ጫፉ ላይ ከሥር ሰፋ ብሎ፣ ደግሞ 9 ሴንቲው ላይ በቀኝ በኩል የምስር ፍሬ የምታክል። የጫፉ ድጋፍ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል፤ የቀኙስ?

ባለ ወርክሾፕ

የቀኙ እንጨቱ ጠምሞ ነው፤ ፋብሪካው በአንድ ጎን አያስደግፍም። ዘይት ሳይኖርም የመጀመሪያዋ ወደ አንድ ጎን የምታፈነግጥ ከሆነ ምክንያቷ እሱ ሊሆን ይችላል፤ በርሜሉ ሲሞቅ ይለቀዋል። ያቺን የምስር ፍሬ ብቻ፣ ብርጭቆ ወረቀት 220 ቁጥር በጣትህ ጠቅልለህ፣ ጥላሸት እየቀባህ፣ ማተሟን እስክታቆም ፈቅፍቅ። ሌላ ቦታ አትንካ፤ ጫፉን በተለይ። ከዚያ የተፈቀፈቀውን ቦታ ቫርኒሽ ቀባና በሦስት የተለያዩ ጠዋቶች፣ በደረቅ በርሜል፣ በሰንዳፋው ወረቀት ላይ ሦስት የመጀመሪያ ጥይት ተኩስ።

ቡራዩ እንጨት ቤት

ኖቱ የሚቆምበትን ቦታ እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጭረት አድርግ፣ አጠገቡ ወሩን ጻፍ። ሰኔ መጨረሻ፣ ሐምሌ መጨረሻ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያንኑ ኖት አስገባ። ኖቱ ከጭረቱ ይልቅ ወደ ጫፍ ተጠግቶ ከቆመ እንጨቱ እየጠጣ ነው፤ ያኔ ቴሌስኮፑን ከመንካትህ በፊት ጎማውን ፈትተህ የሰደፉን ጫፍ እይ፣ ቫርኒሹ ያልደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

የሱሉልታው (ጠያቂ)

ጭረቱ ተደርጓል፤ "ግንቦት፣ 9 ሴንቲ"። የምስር ፍሬዋ በአራተኛው ጥላሸት ላይ ማተም አቆመች፤ ኖቱ አሁን 4 ሴንቲ ላይ፣ የጫፉ ድጋፍ አጠገብ ባለው ጠባብ ቦታ ትንሽ ይያዝና ሲሳብ እስከ አካሉ ድረስ ያልፋል። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ የሦስቱን ጠዋት ወረቀት ፎቶ አንሥቼ እዚሁ አስቀምጣለሁ።